ፍቅር ሐይቅ ዳር ያነሳሃት ቡናማ ወፍ ባስራ ናት ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው ነው። አንድ የሐዋሳ ልጅ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ ሸምበቆው አካባቢ አንዲት ቡናማ ወፍ አይቶ አራት ፎቶ አነሳ። አንዱ ጓደኛው «ባስራ ሪድ ዋርብለር ናት፣ ብርቅ ነገር ነው ያገኘኸው» አለው። ሌላው «ኧረ ግሬት ሪድ ናት፣ ትልቅነቷን አታይም?» አለ። የስልኩ ወፍ መለያ መተግበሪያ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ «ሪድ ዋርብለር» የሚል መልስ ሰጠው። ሦስቱም ዋርብለር ከሚባሉት ትንንሽ ዘማሪ ወፎች የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። እሱም ግራ ገብቶት «ማንን ልመን?» ብሎ ፎቶዎቹን ላከ።

ወንድሜ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፎቶዎች ላይ ያለችው ሌሰር ስዋምፕ ዋርብለር ናት። የሐይቃችን ነዋሪ ነች፤ ክረምት ከበጋ እዚያው ሸምበቆና ፊላ ውስጥ አትጠፋም። አራተኛው ፎቶ ላይ ያለችው ግን ሌላ ወፍ ናት። አንደኛው ጓደኛህ ዓይኑን የጣለው አንደኛው ፎቶ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ጓደኛህ ሁለተኛው ላይ፣ መተግበሪያው ውስጥ ደግሞ አንተ ያስገባኸው አራተኛውን ነው፤ እና ሦስቱም ስለ አንድ ወፍ የሚከራከሩ መስሏቸው ስለተለያየ ፎቶ ሲያወሩ ቆይተዋል።

ፎቶዎቹን በዋናው ፋይላቸው ስለላክህ በጣም አመሰግናለሁ። ሰዓታቸው አብሮ መጥቷል። ሦስቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተነሱ ናቸው። አራተኛው የተነሳው ከ20 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው፤ ያለችበትም ሸምበቆ ሳይሆን የእግረኛ መንገዱ ጥግ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ሸምበቆ ውስጥ የገባችውን ወፍ ሲጠብቅ የቆየ ሰው፣ ቡናማ ወፍ ብቅ ስትል «ያቺው ናት» ማለቱ ያለ ነው። ግን አይበቃም። ዝርያዋ ምንድን ነው ከማለትህ በፊት ፎቶዎቹ ላይ ያለችው ወፍ አንድ መሆኗን አረጋግጥ። ካልሆነ የአንዷን ምንቃር ከሌላዋ ክንፍ ጋር ገጣጥመህ የሌለች ወፍ ትፈጥራለህ።

ትንሽ ስለ ወገናቸው ላውራ። እነዚህ ሁሉ አክሮሴፋለስ የሚባለው ወገን አባላት ናቸው። አብዛኞቹ ጀርባቸው ቡናማ፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ፣ ምንቃራቸው ሹል፣ ግንባራቸው ዘመም ያለ ነው። ደማቅ ቀለም የላቸውም፤ ክንፋቸው ላይም ለዓይን የሚይዝ ምልክት የለም። ሐዋሳ ላይ ሌሰር ስዋምፕ ዓመቱን ሙሉ አለች። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ደግሞ ሪድ፣ ሴጅና ግሬት ሪድ ዋርብለር ናቸው። ማርሽ ዋርብለር በኢትዮጵያ በኩል አልፋ ወደ ደቡባዊ ምሥራቅ አፍሪካ ትወርዳለች። የባስራም መንገድ በእኛ በኩል ነው። ሴጅ ዋርብለርን እዚሁ እንሰናበታት፤ ከዓይኗ በላይ ወፍራም ክሬም መልክ ያለው ቅንድብ፣ ጀርባዋ ላይም ጠቆር ያለ መስመር ስላላት አታምታታም። ራስ የሚያዞሩት የቀሩት ናቸው።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። አንደኛው ላይ ወፏ ፊት ለፊት ናት፤ ደረቷና ሆዷ ጨርቅ የመሰለ ነጭ ነው። ጓደኛህ «ባስራ» ያለው ይህን አይቶ ነው፤ ባስራ እውነትም ሆዷ ነጣ ያለ ነው። ግን ፎቶው ላይ ያለው ነጭነት የወፏ አይደለም። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው ያለችው፤ ከሰዓት በኋላ ከዳር ቆመህ ወደ ውሃው ካነጣጠርክ ፀሐይዋ ፊትህ ላይ ናት ማለት ነው። ወፏ ጥላ ትሆናለች። አንተም ፎቶውን ስታስተካክል ጥላውን አብርተኸዋል። ያን ጊዜ ክሬም የነበረው ነጭ ሆነ፣ ጎኗ ላይ የነበረው ሞቅ ያለ ቡናማ ታጥቦ ጠፋ። እንዴት አወቅህ ካልከኝ፣ አጠገቧ ያለውን ደረቅ የሸምበቆ ቅጠል ተመልከት። እሱም ወረቀት መስሏል። የደረቀ ሸምበቆ ደግሞ ገለባማ እንጂ ነጭ አይደለም። ሁልጊዜ ፎቶው ውስጥ ቀለሙን በደንብ የምታውቀውን ነገር ፈልግ፤ እሱ ከተበላሸ የወፏም ቀለም ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ፎቶ በተቃራኒው ሞቅ ብሏል። ወፏ ወደ ግራ ዞር ስትል የከሰዓቷ ፀሐይ ጎኗን አገኘቻት። ነጭ ነጠላ እንኳን በዚያ ሰዓት ብርሃን ቢጫ ይመስላል፣ ቡናማ ላባማ ቀይ ዳማ ቢሆን ምን ይገርማል? ስለዚህ አንዷ ወፍ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንዴ ነጭና ቀዝቃዛ፣ አንዴ ቀይ ዳማ ሆነች። ለዚህ ነው እኔ በዚህ ወገን ላይ በቀለም ጀምሬ የማልፈርደው። ቀለም የመጨረሻ ማጠናከሪያ ነው። ላባ ሲያረጅ ይደበዝዛል፣ ብርሃን ይለውጠዋል፣ ካሜራው ይለውጠዋል፣ ስልኩ ላይ የምታይበት ስክሪን ራሱ ይለውጠዋል። የማይለወጠው ቅርጽ ነው።

ቅርጽ ስል ከሁሉ በፊት ክንፍ ማለቴ ነው።

ሦስተኛውን ፎቶ ክፈትና አጉላው። ወፏ ሙሉ በሙሉ በጎኗ ቆማለች፣ ክንፏን አጥፋለች፤ ከአራቱ ምርጡ ፎቶ እሱ ነው፣ ምንም እንኳ ዓይኗን አንድ ቅጠል በከፊል ቢሸፍነውም። ጀርባዋ አጠገብ ተደራርበው የተኙ ሦስት አጠር ያሉ ላባዎች ይታዩሃል። ተርሻል ይባላሉ። ከነሱ ሥር ወጥተው ወደ ጭራዋ የሚዘልቁት የረጃጅሞቹ የበረራ ላባዎች ጫፎች ናቸው፤ ፕራይመሪ እንላቸዋለን። ጥያቄው አንድ ነው። ከተርሻሎቹ አልፎ የሚወጣው ጫፍ ምን ያህል ይረዝማል? ይህን ርዝመት ከተርሻሎቹ ርዝመት ጋር አወዳድረው እንጂ በሴንቲ ሜትር ልለካው አትበል፤ ንጽጽር ከሆነ የካሜራው ርቀት አያስቸግርህም።

ያንተ ወፍ ላይ የወጣው ጫፍ የተርሻሎቹን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የላባ ጫፎቹን ስቆጥር አራቱ በግልጽ ይታያሉ፣ አምስተኛው ትንሽ ብቅ ብሏል። ክንፉ አጭርና ክብ ነው። ይህ የነዋሪ ወፍ ክንፍ ነው። ከአንዱ ሸምበቆ ወደ ሌላው እየዘለለች ለምትኖር ወፍ አጭር ክንፍ ይመቻታል፤ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ውስጥ ያሽከረክራታል። በረሃና ባሕር አቋርጣ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የምትበር ወፍ ግን ረጅምና ሹል ክንፍ ያስፈልጋታል። ባስራም ሆነች ግሬት ሪድ ከተርሻሎቹ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ ጫፍ ታወጣለች፤ ሰባትና ስምንት ጫፍም ልትቆጥርባት ትችላለህ። ይህ ልዩነት በፀሐይ አይለወጥም። ፎቶ ማስተካከያም አይነካውም።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ በል። ክንፉን መለካት የሚቻለው ወፏ በትክክል በጎን ስትቆም ብቻ ነው። አንደኛው ፎቶ ላይ ፊት ለፊት ስለሆነች ምንም አይባልም። ክንፏን ዘርጋ ካደረገች ወይም ላባዋን እያራገፈች ከሆነም እንዳትሸወድ። በአሮጌ ላባ ወቅት ደግሞ ተርሻሎቹ ራሳቸው ተበልተው ስለሚያጥሩ ጫፉ ከእውነቱ የረዘመ ይመስላል። ያንተ ወፍ ተርሻሎች ዳራቸው ደህና ነው፤ ስለዚህ ልኬቱን አምነዋለሁ።

«ትልቅ ናት» ያለው ጓደኛህስ? ፎቶ መጠን አይናገርም። ወፏ ፎቶውን ስለሞላች ትልቅ መሰለችው። ግሬት ሪድ ከ19 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ሪድ ዋርብለር 13 ገደማ ናት፤ ሌሰር ስዋምፕ በመሃል ናት። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ምንቃሯን ብታየው ይበልጥ ይነግርሃል። የግሬት ሪድ ምንቃር ወፍራም ነው፤ ሥሩ ላይ ጥልቅ ሆኖ ራሷን ሁሉ ከባድ ያስመስለዋል። ያንተ ወፍ ምንቃር ረጅም ነው፣ ግን ቀጭን። ሸምበቆው ላይ የጨበጠው እግሯም ወደ ጥቁር የሚጠጋ ግራጫ ነው። ግሬት ሪድን በዚህ እንለፋት።

ባስራ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ጓደኛህ ዝም ብሎ አልተናገረም። ረጅም ቀጭን ምንቃር አይቷል። ጠቆር ያለ እግር አይቷል። ነጣ ያለ ሆድና ነጣ ያለ ቅንድብ አይቷል። እነዚህ አራቱም የባስራ ምልክቶች ናቸው። ችግሩ ሌሰር ስዋምፕም አራቱንም ልታሳይህ መቻሏ ነው። አውሮፓ ተቀምጠው የተጻፉ የመለያ ጽሑፎች ባስራን የሚያወዳድሩት ብዙ ጊዜ ከሪድና ከግሬት ሪድ ጋር ነው፤ እዚያ ሌሰር ስዋምፕ የለችማ። እኛ ግን እዚህ በየሸምበቆው አለችን። ሐዋሳ ላይ ባስራ ነው የምትል ሰው መጀመሪያ ማስወገድ ያለበት ግሬት ሪድን ሳይሆን ይህችን የቤት ልጅ ነው።

የሚለያቸው ምንድን ነው? ክንፉን አልን። ሁለተኛ ጎኗ። የሌሰር ስዋምፕ ጎን ከክንፏ ሥር ጀምሮ ወደ ጭራዋ ሞቅ ያለ ቡናማ ጥላ አለው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቶ ላይ በተለያየ ብርሃን ያው ጥላ ስላለ ይህን ቀለም አምነዋለሁ። ሦስተኛ ከጀርባዋ በታች፣ ጭራዋ ከሚጀምርበት በላይ ያለው ክፍል። ሌሰር ስዋምፕ ላይ እዚያ ጋ ቡናማው ሞቅ ይላል። ባስራ ከራሷ እስከ ጭራዋ ቀዝቀዝ ያለ ወይራማ ቡናማ ናት፤ ሞቅ የሚል ቦታ አይታይባትም፣ ጭራዋም ከጀርባዋ ጠቆር ይላል። ያንተ ወፍ በሦስቱም መለኪያ ከባስራ ርቃለች።

ይህን ያህል የማጠብቀው የባስራ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። ይህች ወፍ የምትራባው በዋናነት ደቡብ ኢራቅ፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ በሚገናኙበት ረግረግ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የሳዳም ሁሴን መንግሥት ውሃውን በቦይና በግድብ አስቀይሶ አብዛኛውን ረግረግ አደረቀው። ከ2003 በኋላ ግድቦቹ ተጥሰው ውሃው ከፊሉን ቢመለስም የድሮውን አላከለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባስራን ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች ጋር መዝግቧታል። ከዚያ ተነስታ ወደ ደቡብ ስትወርድ በሱዳንና በኢትዮጵያ በኩል ታልፋለች፤ ወደ ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊና ሞዛምቢክ ትቀጥላለች። ኬንያ ውስጥ ጻቮ ዌስት ፓርክ ያለው ንጉሊያ የሚባለው ቦታ ከ1969 ጀምሮ ስደተኛ ወፎች በመረብ እየተያዙ እግራቸው ላይ ቀለበት የሚደረግበት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ጭጋግ በሚሆንባቸው ሌሊቶች መብራት ስቦ ያመጣቸዋል። ባስራ እዚያ ደጋግማ ተይዛለች።

ልብ በል፣ ንጉሊያ ደረቅ ቁጥቋጦ ነው። ሸምበቆ የለውም። ስለዚህ «ሸምበቆ ውስጥ ስለሆነች ባስራ ናት» የሚለው አያስኬድም፤ በጉዞ ላይ ያለች ባስራ ቁጥቋጦ ውስጥም ትገባለች። ያንተ ቀን ደግሞ፣ ጥቅምት መጨረሻ፣ ለባስራ የሚመች ቀን ነው። ቦታውም ቀኑም አልከለከላትም። የከለከላት ክንፏ ነው። በእኛ አገር የምታርፍባቸው ቦታዎች በደንብ ቢታወቁ ለጥበቃዋ ትልቅ ነገር ነው፤ የተሳሳተ መዝገብ ግን ካርታው ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀመጥና የሚያጠናውን ሰው ያለ ቦታው ይወስደዋል። እውነተኛዋ ስትመጣም ሰው አያምንም። ለዚህ ነው «ሊሆን ይችላል» ብቻ ይዤ ባስራ ብዬ የማልጽፈው።

አሁን አራተኛው ፎቶ። እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ወፏ ቁጥቋጦ ላይ ክንፏን ዝቅ አድርጋ ቆማለች። የክንፏ ጫፍ ረጅም ነው፤ ሰባት ጫፍ ይቆጠራል፣ ርዝመቱም ከተርሻሎቹ ሁለት ሦስተኛውን ያልፋል። በቃ፣ ይህች ስደተኛ ናት። ሌሰር ስዋምፕ ልትሆን አትችልም። ታዲያ ይህችኛዋ ባስራ ናት? እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ክንፏን ዝቅ በማድረጓ ግን ከጀርባዋ በታች ያለው ክፍል ተገልጧል፣ እሱም ከጀርባዋ ይልቅ ዝገት መልክ አለው። ባስራ ላይ ይህ አይኖርም። ቅንድቧ አጭርና ደብዛዛ ነው፤ ዓይኗ ጋ ያልቃል። ምንቃሯም ለባስራ ያጥራል፣ ምንም እንኳ ራሷን ትንሽ ወደ እኛ ስላዞረች ምንቃሩ ከእውነቱ አጥሮ ሊታይ ቢችልም። ስለዚህ ባስራን አስወግዳለሁ።

የቀሩት ሪድና ማርሽ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ሙሉ ላባ ለብሰው በእጅ ይዞ መለየት እንኳ ያስቸግራል። ያ ዝገት መልክ ያለው ክፍል ወደ ሪድ ይመራኛል፤ ማርሽ ላይ ያ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከጀርባዋ ጋር ተመሳሳይ ወይራማ ነው። ማርሽ ተርሻሎቿ መሃላቸው ጠቆር ብሎ ዳራቸው ነጣ ስለሚል ጎልተው ይታያሉ፤ ያንተ ላይ ልዩነቱ ደካማ ነው። ጥፍሮቿም ጠቆር ብለዋል፣ ማርሽ ላይ ነጣ ይላሉ። እኔ ሪድ ዋርብለር እላታለሁ። መተግበሪያህ እንግዲህ ለገባለት ፎቶ ተገቢውን መልስ ሰጥቷል፤ ስለ ሦስቱ ፎቶ ግን ማንም አልጠየቀውም። ወደ ፊት ስትጠቀምበት እያንዳንዱን ፎቶ ለየብቻ አስገባ። መልሶቹ ከተለያዩ አንድም ወፎቹ ይለያያሉ፣ አንድም ፎቶው ደካማ ነው፤ ሁለቱም ማወቅ የሚጠቅምህ ነገር ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ጥቂት ነገር ልጨምር። ፍቅር ሐይቅ ላይ ጠዋት ሂድ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው። ፀሐይዋ ከከተማው በኩል ከጀርባህ ትመጣለች፣ ሸምበቆውን ፊት ለፊት ታበራልሃለች። በአንድ ጭነት ብዙ ፎቶ የሚያነሳውን የካሜራህን አሠራር ተጠቀም፤ ከሃያው አንዱ ላይ ወፏ በትክክል በጎን ትቆምልሃለች፣ የምትፈልገውም ያንኑ አንዱን ነው። ፊቷ ቆንጆ ሆኖ የወጣበትን ብቻ መርጠህ ሌላውን አትደምስስ። ጀርባዋ፣ ጭራዋ፣ እግሯ የታየበት ደብዛዛ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከቆንጆው ይበልጥ ይናገራል። ለመቅረብ ብለህ ሸምበቆ ውስጥ አትግባ፤ ሌሰር ስዋምፕ ጎጆዋን ከውሃው በላይ በሸምበቆ ዘንጎች መሃል አንጠልጥላ ነው የምትሠራው፣ አንድ እርምጃ ዘንጉን ካጎበጠው እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ነው።

ከሁሉም በላይ ድምፅ ቅዳ። ፎቶ አንስተህ ድምፅ አለመቅዳት በዚህ ወገን ላይ ግማሹን ማስረጃ ጥሎ መምጣት ነው። የስልክህ መቅጃ ይበቃል፤ ሰላሳ ሰከንድ ቅዳ፣ ጀልባና ሙዚቃ ቢገባበትም ግድ የለም። የሌሰር ስዋምፕ ዜማ ፈሳሽና ጣፋጭ ነው፤ እንደ ዋሽንት ለስላሳ ሐረጎች እያከታተለች ትጀምርና እየፈጠነች ትሄዳለች። ግሬት ሪድ ሻካራ ናት፣ «ካራ ካራ ኪት ኪት» ትላለች። ሪድ ዋርብለር ደግሞ ደረቅ ድምፅ በእኩል ምት እየደጋገመች ታወራለች። ባስራ ብዙ ጊዜ ከቁጥቋጦ ውስጥ አጠር ያለ ሻካራ «ቻርር» ነው የምታሰማህ።

ኢበርድ ላይ፣ ማለትም ሰዎች ያዩትን ወፍ በሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ላይ፣ ስታስገባ ሁለት ወፍ አድርገህ ጻፍ። አንዷ ሌሰር ስዋምፕ፣ ከሦስቱ ፎቶዎች ጋር። ሌላዋ ሪድ ዋርብለር፣ ከአራተኛው ጋር፤ የእኔ ምክንያት ካላሳመነህ ዝርያው ያልተለየ አክሮሴፋለስ ብለህ ማስገባት ትችላለህ፣ እሱም የሚከበር መዝገብ ነው። አስተያየት መስጫው ላይ የክንፉን ነገር በሁለት መስመር ጻፍ። እና ባስራ ያለውን ጓደኛህን ይዘኸው በዚህ ሳምንት ጠዋት ሦስተኛውን ፎቶ ያነሳህበት ቦታ ሂዱ። ነዋሪ ስለሆነች ከዚያው ሸምበቆ ብዙ አትርቅም፤ ስትዘምር ቅዱና ላኩልኝ።